ቅዳሜ እስኪያልፍ

ረቡዕ

እማማ ሽታዬ ሞተዋል። ልጃቸው ስንዱ አታውቅም። እኔ አውቃለሁ።

ጋሽ ተፈሪ የደወሉት በምሳ ሰዓት ነው። ታከር ከተማ፣ የምሠራበት መጋዘን ጓሮ ተቀምጬ የትናንቱን ምስር በማንኪያ እየበላሁ ነበር። እሳቸው የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ሰው ሥራ ላይ እያለ አይደውሉም። "የሺ፣ ብቻሽን ነሽ?" ሲሉኝ ማንኪያውን አስቀመጥኩት። ብቻሽን ነሽ ወይ ብሎ የሚጀምር ደግ ወሬ ሰምቼ አላውቅም።

ደሴ ነው። ደህና እደሩ ብለው ተኙ፣ ጠዋት አልተነሡም። ትናንት ተቀበሩ። የስንዱ ወንድም ለጋሽ ተፈሪ ደውሎ "እንግዲህ እናንተ እንደ ወጉ አርዷት" ብሎ አደራውን እኛ ላይ ጣለው።

እንደ ወጉ ማለት ይኸውና፤ ባሏ ግርማ ትራክ ይዞ ቴክሳስ ነው፣ የሚገባው ቅዳሜ ማታ ነው። ባሏ በሌለበት አይነገርም። ሰው ሁሉ ሥራ በሚሄድበት ቀንም አይነገርም። ቅዳሜ ደግሞ ስንዱ የምትኖርበት የኖርክሮስ ከተማ የዱባ በዓል አለ፤ ዘጠኝ የሐበሻ ልጆች መድረክ ላይ ሊጨፍሩ ነው፣ ያሠለጠነቻቸውም ስንዱ ናት። "ቅዳሜን እንለፍና እሑድ ሳይነጋ እንሄዳለን" አሉ ጋሽ ተፈሪ። "ከሁላችንም አንቺ ትቀርቢያታለሽ። እስከዚያ ከዓይንሽ እንዳትጠፋ። ስልኳንም ጠብቂልን።"

እሺ አልኩ።

ማለት የነበረብኝ ሌላ ነው። ታላቅ ወንድሟ የሞተ ጊዜ ሁለት ሳምንት ደብቀናት ነበር። ጎረቤት ከተማ ቻምብሊ አንድ ክርስትና ነበረ፣ የሰው ድግስ እንዳናበላሽ ብለን ዝም አልን። እሷ እዚያ ክርስትና ላይ ጫማዋን አውልቃ ጨፈረች። ቪዲዮው እስከ ዛሬ በሰው ስልክ ውስጥ አለ። ከአርባው በኋላ መኪናዬ ውስጥ እጄን ይዛ አስማለችኝ። "የሺ፣ ሁለተኛ መጫወቻ አታድርጉኝ። የመጣው ቢመጣ፣ በሰማሽበት ቀን ትነግሪኛለሽ። ማርያምን በይ" አለችኝ። ማርያምን አልኩ።

ይኸው ሰማሁ። ቀኑም አለቀ፣ አልነገርኳትም።

ሐሙስ

ስንዱ ጋ ላለመሄድ ነበር ያሰብኩት። ሆዴን ቆረጠኝ ልላት ነበር። ራሷ ደወለች። "የት ጠፋሽ? ዛሬ የመጨረሻው ሪኸርሳል ነው፣ መቀነቱን ማን ይስፋልኝ?" ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ እሷ ነዳሁ።

ይቺን ሴት ምን እንደነካት አላውቅም። የኖርክሮስን አሮጌ መንደር እንደ አባቷ ርስት ነው የምታየው። በጋ ላይ መናፈሻው ውስጥ ሙዚቃ ካለ ወንበር የምትደረድረው እሷ ናት። የልጆች የብስክሌት ሰልፍ ሲኖር ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሳ መኪና የምታስቆመው እሷ ናት። የገና መብራት ሲበራ ትኩስ ቸኮሌት የምትቀዳውም እሷው። ሁሉም በነፃ። ምን አገባሽ ስላት "ልጄ በምታድግበት ከተማ እንግዳ ሆና እንድታድግ አልፈልግም" ትለኛለች። እኔ በበኩሌ ከሥራ ወጥቶ እግርን ሶፋ ላይ ከመዘርጋት የበለጠ መዝናኛ አላውቅም።

ጋራዡ ውስጥ ዘጠኙ ልጆች ትከሻቸውን እየነቀነቁ ነበር። አማርኛ አጣርተው የማይናገሩ ልጆች እስክስታውን እንዲህ ይችሉታል ብዬ አላሰብኩም። የስንዱ ልጅ ሊያ ከፊት ናት፣ ቀጭን፣ ፊቷ ኮስተር ያለ። "አንቲ የሺ፣ ይሄ መቀነት ላይክ በጣም ያሳክካል" አለችኝ። ዝም ብለሽ ቁሚ አልኳትና ሰፋሁት። መርፌው ሁለቴ ወጋኝ።

ስንዱ ስልኳን አየች። "ማን ሞቶ ነው?" አለች።

አስካለ፣ ቻምብሊ ያለችው፣ በማኅበራችን ቴሌግራም ላይ የሻማ ፎቶ ለጥፋ "ነፍስ ይማር" ብላ ጽፋለች። ስም የለውም፣ ሌላ ምንም የለውም። ስንዱ እዚያው ግሩፕ ውስጥ እንዳለች የዘነጋች ሴት! አፌ ከአእምሮዬ ቀደመ። "የአስካለ የሩቅ ዘመድ ናቸው አሉ" አልኩ።

"ውይ፣ ምስኪን። ደውዬ አላጽናናትም እንዴ?"

"ሥራ ላይ ናት፣ ተያት።"

መኪናዬ ውስጥ እንደገባሁ አስካለ ጋ ደውዬ ጮኽኩባት። ፎቶውን አጠፋችው። የዋሸሁትን ዘመድ ግን አልነገርኳትም፤ በንዴት ረሳሁት፣ ነገ እደውልላታለሁ። የዛሬ ውሎዬ ይኸው ነው።

ዓርብ

ከሥራ ኦፍ ወስጄ ጭድ ስሸከም ዋልኩ። ከተማው ገጠር ለመምሰል የጭድ እስር ገዝቶ መናፈሻው ላይ ይደረድራል፤ ሰው ደግሞ እሱ ላይ ተቀምጦ ፎቶ ይነሣል። ዱባ በያይነቱ። ስንዱ ሬድዮ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ከፈረንጆቹ ጋር ወዲያ ወዲህ ትላለች። ሁሉም በስሟ ይጠሯታል፣ "ሲንዱ፣ ሲንዱ"። ቆንጆ ሆና ነበር። ቆንጆ መሆኗ አናደደኝ።

ጠዋት፣ በፊቴ፣ ደሴ ደወለች። የወንድሟ ልጅ ቢንያም አነሣ። ድምፅ ማጉያው ላይ ስላደረገችው ሁሉንም ሰማሁ።

"ቢኒ፣ እማዬን አቅርብልኝ።"

ልጁ "ተኝታለች" አለ።

"በዚህ ሰዓት? እናንተ ጋ ገና መቼ መሸ?"

"ተኝታለች አክስቴ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው።" ዘጋው።

ልጁ አልዋሸም። እኔ ግን ከጭዱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ፤ አፍንጫዬን ጭዱ ነው ብዬ ጠረግኩ።

እማማ ሽታዬ አሜሪካ መጥተው አያውቁም፤ ይህን መናፈሻ ግን ከእኔ በላይ ያውቁት ነበር። ስንዱ በዓል ባለ ቁጥር ቪዲዮ ትልክላቸዋለች። ባቡር ሐዲዱ መሐል ከተማውን አቋርጦ ስለሚያልፍ አንድም ቪዲዮ ሳይረበሽ አያልቅም፤ ሰው ሊናገር ሲል ጥሩምባው ይመጣል። ስለዚህ እሳቸው ስልክ ሲያነሡ ከሰላምታ በፊት "ባቡሩ መጣ?" ነው የሚሉት። "ያቺ ቀይ ባርኔጣ ያላት ወፍራም ሴትዮ ደህና ናት?" ይላሉ ቀጥሎ። የማዘጋጃ ቤቷን ኃላፊ ማለታቸው ነው።

"ነገ የሊያን ስልክላት ምን እንደምትል ታውቂያለሽ?" አለችኝ ስንዱ፣ ጭድ ላይ ተቀምጣ ውኃ እየጠጣች። "'አንገቷ ልክ እንደኔ ነው' ነው የምትለው። እናቴ እኮ ስትጨፍር ወሎ ይቆም ነበር።"

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። ማንም አጠገባችን አልነበረም። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ለልጆቹ ብዬ ተውኩት ብል ደስ ባለኝ፤ ግን እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ልዋሽ? ፈርቼ ነው። ፊቷ ሲለወጥ ማየት ፈርቼ።

ቅዳሜ

በተራው ልጻፈው።

ጠዋት ጥሩ ነበር። ፀሐይ፣ ልብስ የለበሱ ውሾች፣ ፊታቸውን ነብር ያስቀቡ ሕፃናት፣ በጆንያ ውስጥ ገብተው የሚሮጡ አባቶች። ስንዱ ፊኛ ታድላለች። እኔ እንደ ጠባቂ ከኋላ ከኋላ እላለሁ።

ከዚያ የእኛ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ስንዱ በየዓመቱ "ኑ፣ ልጆቻችሁን አምጡ" ብላ ስትለምናቸው አንድም ቀን ብቅ ያላሉ ሰዎች! የቻምብሊ ሴቶች በሙሉ። ቡና ቤት ያላቸው። ታክሲ የሚነዱት። ጋሽ ተፈሪ ጥቁር ሱፍ ከነክራቫቱ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ዱባው መካከል ቆሙ።

"ጋሽ ተፈሪ፣ ምነው ሁላችሁም?" አልኳቸው።

"ብቻዋን እንዳትሆን ብለን ነዋ።"

"እርስዎስ በሱፍ?"

"ታዲያ በቁምጣ ልምጣ ልጄ?"

ስንዱን የሚስማት ሰው ሁሉ ቶሎ አይለቃትም። ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይይዟታል። አንዷ "አይዞሽ" አለቻት። ለልጆች ፊኛ ለምታድል ሴት አይዞሽ! ስንዱ ግን የገባት ሌላ ነው። እየሮጠች መጣችና ክንዴን ያዘችው፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። "አየሽ የሺ? ዘንድሮ ሁሉም መጣ! ለልጆቹ ብለው መጡ!" መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሊያ ጥጥ ከረሜላ አምጪልኝ ብላኝ ሰልፍ ላይ እንደቆምኩ ዞር ስል፣ ስንዱ የአስካለን ሁለት እጆች ይዛለች። ያኔ ሐሙስ የዋሸሁት ዘመድ ትዝ አለኝ። ሮጥኩ፣ አልደረስኩም።

"አስካልዬ፣ እግዜር ያጥናሽ" ትላታለች። "ዘመድሽ ማረፋቸውን የሺ ነግራኝ ሳልደውልልሽ ቀረሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ በዚህ በዓል ተወጥሬ ነው።"

አስካለ አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ ፊቷ ተለዋወጠ። "እኔን? አንቺ ነሽ እኔን የምታጽናኚኝ?" አለችና አፏን በነጠላዋ ይዛ ተንሰቀሰቀች።

ስንዱ እጇን ለቀቀቻት። ቀና ብላ ሰዎቹን አንድ በአንድ ተመለከተች፤ የጋሽ ተፈሪን ሱፍ፣ ሴቶቹ በቦርሳቸው አፍ ላይ ያጠፉትን ጥቁር ሻርፕ። መጨረሻ ላይ እኔን። ከዚያ መጥታ እጄን ያዘችና ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ አጥሩ ጋ ወሰደችኝ። ፊኛዎቹ በሌላ እጇ ላይ ነበሩ።

"እማዬ ናት?" አለችኝ።

ባቡሩ መጣ። የጭነት ባቡር ነው፣ ማለቂያ የለውም። ጥሩምባው ነፋ፣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ብጮኽ እንኳ አትሰማኝም። ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። እኔም ልነቅል አልቻልኩም። ፉርጎው እያለፈ፣ እያለፈ፣ ሌላ ፉርጎ እየመጣ፣ እንደዚያ ተያይተን ቆምን። በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ ነገር አላየሁም።

የመጨረሻው ሲያልፍ አፌን ከፈትኩ። እጇን አፌ ላይ ጫነችው።

"አትንገሪኝ።"

"ስንዱ..."

"እንዳትነግሪኝ አልኩሽ። ከነገርሽኝ አለቅሳለሁ። ካለቀስኩ ልጆቹ አይጨፍሩም።" ትንፋሿ ይቆራረጣል። "ግርማ ማታ ነው የሚገባው። እሱንም ጠብቃችሁ ነው። ነገ ነው ያሰባችሁት?"

ዓይኔን ወደ ሐዲዱ አዞርኩ።

"ነገ ይሁን" አለች። ፊኛዎቹን ለእኔ ሰጥታኝ ሄደች።

ማይኩን ይዛ በእንግሊዝኛ ልጆቹን ስታስተዋውቅ ድምፅዋ አንዴም አልተሰበረም። ልጆቹ ጨፈሩ። ሊያ አንገቷን ስትሰብቅ ከፊት የተቀመጡት የእኛ ሴቶች እንባቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፣ ጋሽ ተፈሪ ራሳቸው መሐረብ አወጡ። ፈረንጆቹ ባህላችን ልባችንን ነክቶት መሰላቸውና ቆመው አጨበጨቡልን። ባለ ቀይ ባርኔጣዋ እኔን አቅፋ "ቢዩቲፉል፣ ቢዩቲፉል" አለችኝ።

ሕዝቡ ሲበተን ስንዱ ወደ ቤት አልሄደችም። ቆሻሻ ለቀመች፣ ጭድ ጠረገች። ታጣፊ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ቀስ ብላ አጠፈች። ልርዳሽ ስላት "ተይኝ፣ እኔ እጨርሳለሁ" አለች። ለምን እንደምትዘገይ ስለገባኝ ተውኳት።

እሑድ

ሳይነጋ ነዳጅ ማደያው ጋ ተሰበሰብን። መኪናችንን ከእሷ መንገድ አርቀን ፓርክ አደረግን፣ ድምፅ ሰምታ እንዳትነቃ ተብሎ። እንደነቃችብን ለማንም አልነገርኩም። በጨለማ፣ በሹክሹክታ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ሰው ሁሉ ገና በተኛበት የፈረንጅ ሰፈር ውስጥ ስንሄድ ሌባ መስለን ነበር። ያጀበን የጎረቤት ውሻ ጩኸት ብቻ ነው።

ጋሽ ተፈሪ ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሡ በሩ ተከፈተ። ስንዱ ናት፤ ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን አስራ። ግርማ ከኋላዋ ቆሟል፣ ዓይኑ ቀልቶ። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው ወደ ጥግ ተገፍቶ የከተማው ታጣፊ ወንበሮች በረድፍ ተደርድረዋል። ትናንት ያጠፈቻቸውን መኪናዋ ላይ ጭና አምጥታቸዋለች። ለሁላችንም በቂ ነበሩ።

"ግቡ" አለች።

ጋሽ ተፈሪ ያሰናዱት ንግግር ጠፋባቸው። ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

"ጋሽ ተፈሪ፣ በወጉ ይንገሩኝ" አለቻቸው።

"ልጄ... እናትሽ እማማ ሽታዬ አርፈዋል። እግዚአብሔር ያጥናሽ።"

አስቀድሞ ያወቀ ሰው አይወድቅም ብዬ አስቤ ነበር። ወደቀች። ግርማ ሊይዛት አልቻለም፣ ወንበሮቹ ተንኳኩ፣ ያን ጩኸት ዳግመኛ መስማት አልፈልግም። ሁላችንም የያዝነውን ልቅሶ ለቀቅነው።

በዚያ መካከል ደረጃው አናት ላይ ሊያ በሌሊት ልብሷ ቆማለች። "ማሚ?" ትላለች። ስለ ባሏ አሰብን፣ ስለ መኪና ማቆሚያው አሰብን፤ ለሊያ ማን ይንገራት ብሎ ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም።

ወጣሁና አጠገቧ ተቀመጥኩ። መዞሪያ አልፈለግኩለትም። "አያትሽ ሞተዋል" አልኳት።

"መቼ?"

"ሰኞ ማታ። ተኝተው ነው።"

ቁጭ ብላ አሰበች። "ሶ... እኔ ስጨፍር ሞታ ነበር?"

አዎ አልኳት።

"ኖ ዋን ቶልድ ሚ" አለች። ከዚያ እንግሊዝኛው እንዳይጠፋኝ ብላ ነው መሰለኝ በአማርኛ ደገመችው፤ "ማንም አልነገረኝም።" ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እናቷ ከዓመታት በፊት መኪናዬ ውስጥ ያለቀሰችውን ልቅሶ ዛሬ ልጇ አለቀሰችው፤ ሁለቱንም ያስለቀስን እኛው ነን። ወግ ነው ብለን ለልጅም አወረስነው።

ሰኞ

ሥራ አልገባሁም። ከጠዋት ጀምሮ እሷ ቤት ሳህን አጥባለሁ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ "እግዜር ያጥናችሁ" ይላል። ስንዱ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። እኔን አታየኝም። ሻይ ሳቀርብላት ትቀበላለች፣ ቀና አትልም። ትናንትም አላናገረችኝም። ይገባኛል አልኩ፤ መሐላ የበላሁ ነኝ። ሳህኑን ግን በጣም ነው ያጠብኩት፣ የታጠበውን ሁሉ ደግሜ።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሳሳ ሲል ግርማ ወደ ኩሽና መጣና "ትፈልግሻለች" አለኝ። መኝታ ቤት ገባሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ብርቱካንማ ሰደርያዋን አጥፋ ይዛዋለች።

"የገና መብራት ሲበራ እኔ አልወጣም፣ ሐዘን ላይ ነኝ" አለች። ድምፅዋ ጎርንኗል። "የእኔን ቦታ አንቺ ትይዣለሽ። ለባለ ቀይ ባርኔጣዋ ሴትዮ ቴክስት አድርጌላታለሁ።"

"እኔ? እኔ ምኑን አውቄው?"

"መኪና ማስቆም ነው። አፍሽን ዘግተሽ መቆም ታውቂበት የለ?"

ቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁ። አልሳቀችም። ሰደርያውን ተቀበልኩ።

ከዚያ ስልኳን ሰጠችኝ። የእናቷ ቁጥር ነው። የሊያ ጭፈራ ቪዲዮ ቅዳሜ ማታ ተልኳል፤ ወንበሮቹን መኪናዋ ላይ ከጫነች በኋላ መሆን አለበት። ከሥሩ አንድ መስመር ጽፋለች። "እማዬ፣ ባቡሩ ዛሬም መጣ" ይላል። ጎኑ ላይ ያለው ምልክት አንድ ብቻ ነው፣ አልደረሰም። ቢንያም ስልኩን አጥፍቶት ይሆናል።

"ስንዱ፣ ይሄን ስትልኪ እኮ አውቀሽ ነበር" አልኳት።

"አልነገርሽኝማ" አለች።

ይቅርታ ይሁን ወቀሳ አሁንም አልገባኝም። ስልኩን መለስኩላት፣ ሰደርያውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ ሳህኖቹ ተመለስኩ።